ለመጻሕፍት አሳታሚዎችና አርታኢዎች፦ ለአንባቢ የገባችሁትን ቃል ጠብቁ

የተከበራችሁ አሳታሚዎችና አርታኢዎች፣

የምጽፍላችሁ እንደ አንድ አንባቢ ነው። ሃያሲም ደራሲም አይደለሁም። መጽሐፋችሁን በገንዘቤ የምገዛ፣ «ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና» እያልኩ የማመሽ፣ የወደድኩትን ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራ ሰው ነኝ። አብዝቼ የማነበው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዘመናዊ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ሌላው ለሰፊው አንባቢ የሚጻፈው ኢ-ልብ ወለድ ነው፤ ስለ ልማድ፣ ስለ አእምሮ፣ ስለ ስኬት የሚያወራው፣ ግለ ታሪኩም ጭምር።

ሁለቱን የምትይዙበት መንገድ ልክ አይመስለኝም። የፍቅር ልብ ወለድ ሲነሳ ብዙ ሰው በንቀት ያየዋል። እናንተም ከሸጣችሁት በኋላ ስለ እሱ ማውራት ብዙ አትወዱም። ኢ-ልብ ወለዱ ግን የቁም ነገር ወንበር ተሰጥቶታል። እኔ ሳነብ የማየው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የተናቀው ለአንባቢ የገባውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል። የተከበረው ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

ከፍቅሩ ልጀምር። የዚህ ዘርፍ ቃል ግልጽ ነው። በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ የሰጠው ፍቺ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የታሪኩ ማዕከል ፍቅር ይሁን። መጨረሻው ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። በቃ። ዘመኑ፣ አገሩ፣ የገጸ ባህሪያቱ ዕድሜና ሥራ፣ ማሳቁም ማስለቀሱም ለደራሲው የተተወ ነው።

«መጨረሻው የታወቀ መጽሐፍ ምኑ ይነበባል?» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ሰዎች የወንጀል ልብ ወለድ ሲከፍቱ ገዳዩ እንደሚታወቅ ያውቃሉ እኮ። ያንን ማንም አይነቅፍም። እኔ እንዲያውም መጨረሻውን ማወቄ ድፍረት ይሰጠኛል። ሁለቱ እንደሚገናኙ ስለማውቅ፣ ደራሲው የቱንም ያህል ጥልቅ ቁስል ቢከፍት አብሬው እገባለሁ። ስለ ሞተ ልጅ፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ፈረሰ ትዳር፣ በሌላ ዘርፍ ቢሆን ሸሽቼ የምተወውን ነገር እዚህ አነባለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ እንዲህ ተጎድተው፣ እንዴት አድርገው ይተማመናሉ? ጥሩ ደራሲ ይሄን ጥያቄ 300 ገጽ ሙሉ ይመልሰዋል።

ጃኒስ ራድዌይ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1984 ባሳተመችው ጥናት፣ የፍቅር ልብ ወለድ አዘውትረው የሚያነቡ ሴቶችን ራሳቸውን ጠይቃለች። ከነገሯት ውስጥ አንዱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ንባቡ የራሳቸው ጊዜ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባልና ልጅ ሲንከባከቡ የሚውሉ ሴቶች፣ መጽሐፉን ሲከፍቱ ማንም ምንም የማይጠይቃቸው ሰዓት ያገኙ ነበር። ከመግዛታቸው በፊት የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጠው የሚያዩም ነበሩባቸው። እንዲህ የሚያደርግ አንባቢ ተላላ አይደለም። የሚገዛውን ያውቃል።

ከዚህ አንባቢ እናንተም ብዙ አግኝታችኋል። በ1908 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሚልስ ኤንድ ቡን የተባለው አሳታሚም ሆነ በ1949 ካናዳ ውስጥ የተጀመረው ሃርለኩዊን ስማቸውን የተከሉት በእሱ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ተቀብሎ አንባቢውን ማሳነስ ምን ይባላል?

ዘርፉ ራሱ ያሳነሳቸው ሰዎችም አሉ። ያንን የጸሐፊዎች ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ቪቪያን ስቲቨንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አርታኢ ነበረች። ማኅበሩ ከ1982 ጀምሮ ሽልማት ሲሰጥ ቆይቶ፣ ጥቁር ደራሲዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፉት በ2019 ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥሩ የጻፈ ጥቁር ደራሲ አልነበረም ብሎ የሚያምን የለም። ለፍቅር የሚበቃው ማን ነው የሚለውን የሚወስነው፣ ረቂቁን ተቀብሎ የሚያነበው፣ ሽፋኑን የሚመርጠው፣ ለሽልማት የሚልከው ሰው ነው። ይሄ የእናንተ ወንበር ነው።

ይሄን ሁሉ ስል ዘርፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የሚያናድደኝ ስለምወደው ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የሚመጣው ጠብ ነው። አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱ ተዋደዋል፣ ሰላም ነው፣ ገና 80 ገጽ ይቀራል። ስለዚህ የግድ መጣላት አለባቸው። እሱ በካፌ መስታወት በኩል ሌላ ወንድ አቅፋ ያያታል። አይጠይቃትም። ስልኩን ዘግቶ ከተማ ይለቃል። ሰውየው ወንድሟ መሆኑ የሚታወቀው ከ60 ገጽ በኋላ ነው። እስከዚያው፣ መጽሐፉን ሙሉ የልባቸውን ሲጫወቱ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ስልክ መደወል አቅቷቸው ሲያለቅሱ እናነባለን።

እንዲህ ያለው ጠብ ከሁለቱ ሰዎች ማንነት አይመጣም። የገጽ ብዛት ለመሙላት የገባ ነው፤ አንባቢ ደግሞ ወዲያው ይነቃበታል። በደንብ የታሰበበት ጠብ ሌላ ነው። ሴትየዋ ልጅ እያለች አባቷ ጥሏት የሄደ ነች እንበል። ሰውየው ደግሞ ሰው ላለማስጨነቅ ችግሩን ለብቻው መሸከም የለመደ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ ይገኝለታል። «እስክወስን ድረስ ምን አስጨነቃት» ብሎ ዝም ይላል። እሷ የቅጥር ደብዳቤውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ታገኘዋለች። ይሄ ያማል፤ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸውና። እሱ የደበቃት ሊጠብቃት ነው። እሷ በሕይወቷ ከሁሉ የምትፈራው ሳይነገራት መተውን ነው። ለመታረቅ እሱ መናገር መልመድ አለበት። እሷም ዝም ያለ ሰው ሁሉ ሊሄድ የተነሳ እንዳልሆነ ማመን አለባት። እዚህ ጋ ይቅርታ ሲባባሉ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፤ የምሬን ነው።

አርታኢዎች ሆይ፣ ረቂቁ እጃችሁ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። ሁለቱ ቁጭ ብለው አምስት ደቂቃ ቢያወሩ ይሄ ጠብ ያልቃል? የሚያልቅ ከሆነ ለደራሲው መልሱለት። ጠቡ ጭራሽ ባይኖርም ችግር የለውም። ሁለት ሰዎች ተደጋግፈው አንድ ከባድ ነገር ሲያልፉ ማንበብ አይሰለችም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቁጥጥርን ፍቅር ብሎ መሸጥ ነው። ስልኳን የሚበረብር፣ ከማን ጋር እንደዋለች የሚሰልል፣ ከጓደኞቿ የሚነጥላት ወንድ፣ መልከ መልካምና ሀብታም ስለሆነ ብቻ «ሲወድ እንዲህ ነው» ይባልለታል። ጨለማ ታሪክ አይጻፍ እያልኩ አይደለም። ይጻፍ፤ የሚወደውም ያንብበው። ግን ጀርባው ላይ «ጣፋጭ የፍቅር ታሪክ» ብላችሁ አትጻፉበት። ኮሊን ሁቨር በ2016 ያሳተመችው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚያወራ ልብ ወለድ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የሚሄድ፣ ቀለም እየቀቡ የሚዝናኑበት የሥዕል መጽሐፍ ሊወጣ መሆኑ ተነገረ። አንባቢዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ደራሲዋ ተሰምቷት ይቅርታ ጠየቀች፤ ነገሩም ቀረ። ጥሩ አደረገች። እኔን የገረመኝ ሐሳቡ እዚያ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ያስቆመው ሰው መጥፋቱ ነው።

ሽፋኑ ራሱ ያሳስታል። አሁን አሁን በደማቅ ቀለም፣ በካርቱን ሥዕል የተሠሩ ሽፋኖች ሁሉንም አንድ አድርገውታል። ከውጭ ሲታይ የ13 ዓመት ልጅ የሚያነበው ይመስላል። ውስጡ ለአዋቂ የተጻፈ፣ የመኝታ ቤቱን ነገር አንድም ሳያስቀር የሚተርክ ሊሆን ይችላል። ለአዋቂ መጻፉ አያስነውርም። አለመናገሩ ነው የሚያስነውረው። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ለማን እንደተጻፈ፣ ምን ከባድ ነገር እንዳለበት።

አሁን ወደ ኢ-ልብ ወለዱ ልምጣ። ከባዱ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ዘርፍ ቃል «የምነግርህ እውነት ነው» የሚል ነው። ሽፋኑ ላይ አይጻፍም፤ የተቀመጠበት መደርደሪያ ግን ይናገረዋል። አንባቢም አምኖ ኑሮውን ይቀይርበታል። ቀሽም የፍቅር ልብ ወለድ ቢበዛ አንድ ምሽት ይበላብኛል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈ መጽሐፍ ሲሳሳት ግን ስህተቱን ይዤው እኖራለሁ። ለልጆቼም ላስተምረው እችላለሁ።

አንድ ምሳሌ ጠበቅ አድርጌ ልያዝ። «አዲስ ልማድ ለመያዝ 21 ቀን ይበቃል» የሚለውን ስንት መጽሐፍ ላይ አነበባችሁ? ስንቱንስ ራሳችሁ አሳተማችሁ? ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ከማክስዌል ማልትዝ ነው። ማልትዝ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ማስተዋሉን ጻፈ። የአንድ ሐኪም ትዝብት ነው፤ የተለካ ሙከራ አይደለም። ከዚያ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገር «ቢያንስ» የሚለው ወደቀ። «ገደማ» የሚለውም ወደቀ። ቀዶ ሕክምናውም ተረሳ። ባዶ 21 ቀረ።

በ2009 ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ጉዳዩን በጥናት አዩት። 96 ሰዎች ተሳተፉ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር መረጡ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ለ12 ሳምንታት በየቀኑ መዘገቡ። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚመጣ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ነገሩን እንደማያበላሸውም አዩ።

ይሄ ለአንባቢ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዲት ሴት በማለዳ መነሳት ልትለምድ መጽሐፋችሁን ገዛች። 21 ቀን ታገለች። በ22ኛው ቀን አሁንም አልጋው ይጎትታታል። መጽሐፉ «ይበቃል» ስላላት ጥፋቱን ራሷ ላይ ታደርጋለች። «ሰው መሆን አቃተኝ» ብላ ትተወዋለች። ምናልባት የሚያስፈልጋት ሌላ ሁለት ወር ነበር። አንድ ቀን ብትዘል ችግር እንደሌለው የሚነግራት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት። ጥናቱ እኮ ከወጣ ቆየ። አንድ አርታኢ ግማሽ ቀን ቢያፈላልግ ያገኘው ነበር።

«በአንድ ሙያ ጎበዝ ለመሆን 10,000 ሰዓት መለማመድ ነው» የሚባለውም ነገር ያው ነው። ማልኮም ግላድዌል በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያት ቁጥሩ በዓለም ሁሉ ተወራ። ሐሳቡ የተወሰደው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ካሳተመው የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት ነው። ኤሪክሰን ራሱ በኋላ ግልጽ አድርጎ ጽፏል። 10,000 ሰዓት የጎበዞቹ ተማሪዎች በ20 ዓመታቸው ያከማቹት አማካይ ልምምድ ነው። ከጎበዞቹም ብዙዎቹ እዚያ አልደረሱም ነበር። ዋናው ነገር ደግሞ የልምምዱ ዓይነት ነው፤ ዝም ብሎ ሰዓት መቁጠር የትም አያደርስም። ይሄን ማስተካከያ የሰማው ሰው ግን ስንት ነው? ቁጥሩ ያምራል፣ ለሽፋን ይመቻል። ስለዚህ እስከ ዛሬ በአዳዲስ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ሕግ ሲጠቀስ አየዋለሁ።

በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርተው ነበር። ሲደገም አሳማኝ የሆነ ውጤት የሰጠው 36 በመቶው ብቻ ነው። ይህ ማለት ሳይንስ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሳይንስ ራሱን ሲፈትሽ ነው ያየነው። ነገር ግን ከዚያ ዓመት በኋላ «አንድ ጥናት እንዳረጋገጠው» ብሎ ምዕራፍ የሚጀምር መጽሐፍ፣ ጥናቱ ተደግሞ መጽናቱን ሊነግረኝ ይገባል። አብዛኞቹ አይነግሩኝም።

እንዴት መሆን እንዳለበት ያሳየን ሰው አለ። ዳንኤል ካህነማን በ2002 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። በ2011 ያሳተመው መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ ላይ በጠቀሳቸው ጥናቶች ላይ ከባድ ትችት መጣ። በ2017 ወጥቶ፣ በትንንሽ ናሙና በተሠሩ ጥናቶች ላይ ከሚገባው በላይ እምነት መጣሉን በአደባባይ ጻፈ። የዚያን ያህል ስም ያለው ሰው! ይሄን ካነበብኩ በኋላ ለሌሎቹ ምዕራፎች ያለኝ እምነት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አንባቢ እርማት ሲያይ ይሸሻል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ፣ ቢያንስ በእኔ በኩል አትፍሩ።

ታዲያ ማነው የሚያጣራው? ብዙ አንባቢ የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። ሰው መጽሐፍ ከታተመ አንድ ሰው መርምሮታል ብሎ ያስባል። አንዳንድ ትልልቅ መጽሔቶች መረጃ አጣሪ ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዱን ስምና ቁጥር ምንጩ ድረስ ደውለው ያረጋግጣሉ። መጽሐፍ አሳታሚዎች ግን በአብዛኛው ይሄ የላችሁም። በውሉ ላይ ደራሲው «የጻፍኩት እውነት ነው» ብሎ ይፈርማል፤ ኃላፊነቱ የሱ ይሆናል። አጣሪ የሚፈልግ ደራሲም ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ይቀጥራል። የአምስት ገጽ የመጽሔት ጽሑፍ ተጣርቶ የ300 ገጽ መጽሐፍ ሳይጣራ የሚወጣበት አሠራር ለእኔ አይገባኝም።

ውጤቱንም አይታችሁታል። ጄምስ ፍሬይ በ2003 ስለ ሱስ ሕይወቱ ግለ ታሪክ አሳተመ። በ2005 የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሬይ ለመጽሐፍ ክበቧ መረጠችውና በሰፊው ተሸጠ። በ2006 መጀመሪያ ላይ አንድ ድረ ገጽ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ አገላብጦ፣ ሦስት ወር ገደማ ታሰርኩ ያለው ሰው እስር ላይ የቆየው ጥቂት ሰዓት መሆኑን አወጣ። አሳታሚው በመጨረሻ ለአንባቢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ። ጠንካራ ሽፋን ያለውን የገዛ ሰው ለመግዛቱ ማስረጃ እንዲሆን 163ኛውን ገጽ ቀድዶ መላክ ነበረበት። ሱስ ውስጥ ሆኖ ያንን መጽሐፍ ተስፋ አድርጎ የያዘ ሰው ግን ምን ገጽ ቀድዶ ይላክ? መዝገቡ ከመጽሐፉ ህትመት በፊትም እዚያው ነበር። ሄዶ የጠየቀ አልነበረም።

ስለ ርዝመትም አንድ ነገር ልበል። አንድ ጥሩ ሐሳብ 60 ገጽ ከበቃው 60 ገጽ ይታተም። አንድን ነገር በሦስት የስኬታማ ሰው ታሪክ ደጋግሞ ማስረዳት አያሳምነኝም። ያንኑ አድርገው ያልተሳካላቸው ሰዎች የት አሉ? የእነሱም ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ለፍቅር ልብ ወለድ አርታኢዎች ጊዜ ስጧቸው። ተከታታይ መጽሐፍ በዓመት ሦስት ይውጣ ብላችሁ ደራሲውን አታስሩት፤ ያ የማይረባ ጠብ የሚወለደው ከጥድፊያ ነው። ለኢ-ልብ ወለዱ ደግሞ መረጃ አጣሪ ቅጠሩ፤ ክፍያውም ከእናንተ ይሁን። ሁሉንም ማጣራት ካልቻላችሁ፣ ሰው ጤናውን፣ ገንዘቡንና ልጆቹን አምኖ የሚሰጥባቸውን አስቀድሙ። አዲስ እትም ስታወጡ የወደቀውን ጥናት አውጡና ለምን እንዳወጣችሁት አንድ አንቀጽ ጻፉ።

የቅጂ መብቱ በተጻፈበት ገጽ ላይም አንድ መስመር ጨምሩልኝ። መጽሐፉ ተጣርቶ ከሆነ ማን እንዳጣራው ይጻፍ። አልተጣራም ከሆነም «አልተጣራም» ይባል። እንዲያ ብላችሁም ልገዛው እችላለሁ፤ ምን ይዤ እንደምገባ ግን አውቃለሁ። ከአሁን በኋላ መጽሐፋችሁን ሳነሳ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ገጽ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ